ሞተር መንገድ ላይ አይሞትም

«ምን ሆነ?»
«መንገድ ላይ ሞተብኝ!»

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከሚገኙ የሞተር ሳይክል ጋራዦች ደጃፍ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ይህን ምልልስ ሳይሰማ አይመለስም። ባለሞተሩ ሞተሩን በአይሱዙ አስጭኖ ወይም በጓደኛ ጉልበት እያስገፋ ያመጣዋል። መካኒኩ መርገጫውን አንድ ሁለቴ ይሞክራል፣ ጆሮውን ጠጋ ያደርጋል፣ ከዚያም ያችን የምትፈራ ቃል ይናገራል፦ «ይወርዳል።»

ሞተር ወረደ ማለት ወጪው ዘይትና ብሎን ብቻ አይደለም። ቀናት ያለ ሥራ መዋል ነው። የቀን ገቢ መቋረጥ ነው። የዕቁብ ተራ እንዲቀደም መለመን ነው። ለብዙ ወጣት ደግሞ ያች ሞተር ሳይክል ከቤተሰብ መሬት፣ ከእህት የአረብ አገር ላብ ወይም ከብድር የተገኘች ብቸኛ ንብረት ናት።

ነገር ግን «መንገድ ላይ ሞተብኝ» የሚለው አነጋገር ራሱ መታረም አለበት። ሞተር መንገድ ላይ አይሞትም። መንገድ ላይ የሚታየው ቀብሩ ነው። ሞቱ የሚጀምረው በሁለት ጊዜ ነው፦ አንዱ ከጉዞው በፊት ቤት ውስጥ፣ ሌላው የመጀመሪያው ምልክት ከታየ በኋላ ባሉት 20 ደቂቃዎች ውስጥ። በሁለቱም ጊዜ ደግሞ መከላከል ይቻል ነበር።

ለከተማ የተሠራ ጉልበት፣ ለአገር አቋራጭ ሲታዘዝ

ሐዋሳ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ ሰሜን ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ በነባሩ መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወደ ደቡብ ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የተዘረጋው የአህጉሩ መንገድም በዚሁ ያልፋል።

አዲስ አበባ በሰኔ 2011 ዓ.ም. የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ስትገድብ ወሬው በብዛት ስለ ዝርፊያና ስለ ጸጥታ ነበር። በሲዳማ ገጠር ግን ሞተር ሳይክል ሚኒባስ ነው፣ የጭነት መኪና ነው፣ አንዳንዴም አምቡላንስ ነው። ቡና ይጭናል፣ ቆጮ ይጭናል፣ ምጥ የያዛትን እናት ይጭናል። ጠዋት ከተማ ውስጥ የአሥር ደቂቃ መንገድ ሲመላለስ የነበረው ሞተር ሳይክል ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ተሸክሞ ከአለታ ወንዶ ወደ ሐገረ ሰላም አቀበቱን ሲወጣ ይታያል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐገረ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ።

ይህ ልዩነት ለነጂው ብርድ ብቻ ይመስለዋል። ለሞተሩ ግን ትልቅ ነገር ነው። እነዚህ ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑ ሞተር ሳይክሎች በአብዛኛው በአየር የሚቀዘቅዙ ናቸው። ራዲያተር የላቸውም። የሚያቀዘቅዟቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ፊት ለፊት የሚመጣው ንፋስና አንድ ሊትር ያህል ዘይት። አቀበት ላይ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲዘገም ንፋሱ ይቀንሳል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ በየ1,000 ሜትሩም የሞተሩ ጉልበት ወደ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ነጂው የጎደለውን ለማካካስ ነዳጅ አብዝቶ ይሰጠዋል። ሙቀት ይጨምራል፣ ንፋስ ይቀንሳል፤ እንግዲህ ሁሉንም የሚሸከመው ያ አንድ ሊትር ዘይት ነው።

ዘይቱ ከጎደለ ወይም ካረጀ ፒስተኑ በሙቀት አብጦ ሲሊንደሩን ይነክሳል። መካኒኮች «ሞተሩ ነክሷል» የሚሉት ይህንን ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የነጂ ሳይሆን የማሽን ቤት ነው፤ ሲሊንደሩ ይፋቃል፣ ፒስተንና ፋሻ ይቀየራል፣ ጓርኒሲዮን ይገዛል።

«እስከሚቀጥለው ከተማ ያድርሰኝ»

ሞተር ሳይናገር አይሞትም። መጀመሪያ ያለ ምክንያት ጉልበቱ ይወርዳል። ቀጥሎ ከዚህ በፊት ያልነበረ ቀጭን የብረት ድምፅ ይሰማል። የተቃጠለ ዘይት ይሸታል፤ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ይህን ሁሉ ነጂው ይሰማል፣ ያያል። ግን ከኋላው ተሳፋሪው «ወንድም፣ መሸብን እኮ!» ይላል። ባለ ጭነቱ ስልክ ይደውላል። ነጂውም በልቡ «እስከሚቀጥለው ከተማ ብቻ ያድርሰኝ» ይላል።

በዚህ አገር ከጉድጓድ ይልቅ ብዙ ሞተር የፈጀው ይህ «ያድርሰኝ» ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ዙር ቢዞር፣ በ20 ደቂቃ 100,000 ጊዜ ይዞራል። ዘይት በሌለበት ብረት ከብረት ጋር 100,000 ጊዜ ሲፋተግ ምን እንደሚተርፍ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ምልክቱ በታየበት ቦታ የቆመ ሰው ብዙ ጊዜ ዘይት ጨምሮ ወይም ካንዴላ ቀይሮ ይነሳል። 20 ደቂቃ የቀጠለው ደግሞ ሞተር ያወርዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለሽሮ ብቻ አይደለም።

መቆምም ሥርዓት አለው። ሞተሩ በጉዞ ላይ ድንገት ሲይዝ የኋላ ጎማው ሊቆለፍ ይችላል፤ ስለዚህ ነጂው ወዲያው ፍሪሲዮኑን ጨብጦ በቀስታ ጥግ መያዝ አለበት። ይህ የንብረት ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው። ከቆመ በኋላ ደጋግሞ መርገጥ የለበትም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ። የጋለ ሞተር ላይ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ድንገት የቀዘቀዘ ቴስታታ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ሲቀዝቅዝ ዘይቱ በደልዳላ ቦታ ይታያል። መርገጫው በእጅ ወይም በእግር በዝግታ ይሞከራል። ጨርሶ አልንቀሳቀስ ካለ ሞተሩ ነክሷል፤ ከዚያ በኋላ ጭኖ መሄድ እንጂ መታገል የለም። ያለ ምንም ተቃውሞ ልቅ ብሎ ከወረደ ኮምፕሬሽን የለም፤ ይህም የመንገድ ዳር ሥራ አይደለም። እንደ ወትሮው እየገፋ ከወረደ ግን ተስፋ አለ፤ ቤንዚኑ፣ እሳቱና የአየር ማጣሪያው በቅደም ተከተል ይታዩ። ካንዴላው ሲወጣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይም ዘይት ገብቷል፤ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል። አንዲት ትርፍ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ መፍቻና ግማሽ ሊትር ዘይት ከመቀመጫ ሥር የማትጠፋ ቢሆን ከነዚህ ችግሮች ብዙዎቹ እዚያው ይፈታሉ።

ዘይቱን ማን ይቀይር?

አሁን ወደ ቤት እንመለስ። በሐዋሳ ብዙ ሞተር ሳይክሎች የሚነዷቸው ባለቤቶቻቸው አይደሉም። ባለቤቱ ለነጂው ይሰጠዋል፤ ነጂው በየቀኑ የተወሰነ ገቢ ያስገባል፤ ከዚያ የተረፈው የራሱ ነው። ስምምነቱ ብዙውን ጊዜ በቃል ነው። ስለ ገቢው በደንብ ይነገራል። ስለ ዘይቱ አይነገርም።

ባለቤቱ «የሚነዳው እሱ ነው፤ ዘይቱን እሱ ይቀይር» ይላል። ነጂው ደግሞ «ንብረቱ የጋሼ ነው፤ እኔ ነገ ልባረር እችላለሁ፤ ለምን ከኪሴ አወጣለሁ?» ይላል። ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ይመስላሉ። ዘይቱ ግን በሁለቱ መካከል ይጠቁራል፣ ይቀጥናል፣ ይጎድላል። ከዚያ አንድ ቀን አቀበት ላይ ሞተሩ ይነክስና ጠቡ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። ሽማግሌውም ማን ምን እንደተስማማ የሚያይበት አንድ ቁራጭ ወረቀት እንኳ የለም።

ብዙውን ጊዜ ተሸናፊው ነጂው ነው። ተባሮ ይሄዳል፤ የሠራበት ገንዘብ ለጥገና ይያዝበታል። ባለቤቱም አላተረፈም። የመለዋወጫው አብዛኛው ከሕንድና ከቻይና የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ፒስተን ዋጋው ከዶላሩ ጋር ይሄዳል። በዚህ ዘመን የአንድ ሊትር ዘይት ወጪን መቆጠብ ትልቁ ብክነት ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አንድ የ50 ገጽ ደብተር። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የከፈለው ሰው። የዘይቱ ዋጋ ከቀን ገቢው ላይ አስቀድሞ ቢቀነስ ደግሞ ክርክሩ ከነአካቴው ይጠፋል። በማኅበር የተደራጁ ባለሞተሮች ይህን በመተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ ቢያስገቡት ከብዙ ሽምግልና ይድናሉ።

የዘይቱ ዓይነትም ቁም ነገር ነው። በነዚህ ሞተር ሳይክሎች ውስጥ ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ የሚታጠቡት በአንድ ዘይት ነው። ለመኪና ተብለው የተሠሩ አንዳንድ ዘይቶች እጅግ የሚያንሸራትት ቅመም ስላላቸው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል። «ዘይት ዘይት ነው» የሚለው አነጋገር ብዙ ፍሪሲዮን በልቷል። የአየር ማጣሪያውን አውልቆ መንዳትም እንዲሁ ነው፤ «ጉልበት ይጨምራል» ተብሎ የሚደረገው ነገር የመንገዱን አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ወደ ሲሊንደሩ ማስገባት ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የነጂው ነው ወይ?

አይደለም። ይህን ማለት ግፍ ይሆናል። ማደያ ላይ ሰልፉ ሲረዝም ነጂው በመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ይገዛል። ውሃ ይግባበት፣ ላምባ ይቀላቀልበት የሚያውቅ የለም። በታወቀ ስም ቆርቆሮ የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ዘይትም ገበያ ላይ አለ። መካኒኩም ሁሌ ንጹሕ አይደለም፤ ሳይመረምር በግምት የሚቀይር፣ ሦስት ዕቃ አስገዝቶ በአራተኛው የሚያገኘው ሞልቷል። ሌላም አለ። መሽቶ፣ ሰው በሌለበት ጫካ ውስጥ «ምልክቱ ሲታይ ቁም» የሚለው ምክር ለመናገር እንጂ ለመፈጸም ቀላል አይደለም። ዝርፊያም አለ፣ ጅብም አለ።

ሆኖም እነዚህ ሁሉ ቀድሞ ማሰብን የሚያጠናክሩ እንጂ የሚሽሩ አይደሉም። ሌሊት አቀበት ላይ መቆም የሚያስፈራ ከሆነ ዘይቱን ጠዋት ሐዋሳ ላይ ማየት ግድ ነው። የመንገድ ዳር ቤንዚን የማይታመን ከሆነ ለረጅም ጉዞ ታንከሩን ከማደያ ሞልቶ መነሳት ያስፈልጋል። ረጅሙ አቀበት ላይ ግማሽ መንገድ ሲደርስ አሥር ደቂቃ ማሳረፍ ማንንም ከገበያ አያስቀርም።

ሞተሩ ቢሞትም ጉዞው የማይቆምላቸው ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1952 ኤርኔስቶ ጉቬራ፣ ማለትም በኋላ ዓለም ቼ ብሎ የሚያውቀው ሰው፣ ከጓደኛው ከአልቤርቶ ግራናዶ ጋር ደቡብ አሜሪካን ያቋረጠው በ1939 ስሪት በሆነች 500 ሲሲ ኖርተን ሞተር ሳይክል ጀምሮ ነበር። ስሟ «ላ ፖዴሮሳ» ነበር፤ «ኃያሏ» ማለት ነው። ኃያሏ ቺሊ ላይ ደክማ ቀረች። ሁለቱ ወጣቶች ግን የሰው መኪና እየለመኑ ጉዟቸውን ቀጠሉ፤ ታሪኩም መጽሐፍና ፊልም ሆነ።

ለመንገደኛ የሞተር ሞት ታሪክ ነው። ለሠራተኛ ግን ዕዳ ነው። የሐዋሳው ባለሞተር ጉዞውን በእግሩ ቢቀጥል ፊልም የሚሠራለት የለም፤ የሚጠብቀው ባለ ዕቁቡ ነው። ስለዚህም ነው የዘይት ነገር ለእሱ የቴክኒክ ወሬ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ የሚሆነው።

አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እሳትን ገና በጭሱ ማጥፋት እንደሚቻል ስለሚያውቁ ነው። በአየር ለሚቀዘቅዝ ትንሽ ሞተር ቅጠሉ አንድ ሊትር ዘይት፣ አንድ ደብተርና ምልክት ሲታይ «ያድርሰኝ» ሳይሉ መቆም ነው። ባለቤትና ነጂ ዛሬ ማታ ገቢ ሲቀባበሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጨምሩ ይበቃል፦ ዘይቱ መቼ ተቀየረ?