ቱቦው ከልስኑ ይቅደም
በጥሊሊም ሆነ በእንጅባራ የብሎኬት ቤት የሚያሠራ ሰው ግድግዳው ሳይለሰን የመብራት ቱቦ ያስቀብራል፤ ስለ ኢንተርኔት ገመድ የሚያስበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋይፋዩ ሰርቪስ ቤቱ ድረስ አልደርስ ሲለው ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ብሎኬት የሬዲዮ ሞገድን ያዳክማል፤ ቆርቆሮ ደግሞ መልሶ ያነጥረዋል። ብዙዎች የሚመርጡት ሪፒተርም በአንድ ሬዲዮ እየተቀበለ የሚያሰራጭ ከሆነ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። የኔትወርክ ገመድ ግን እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነቱን እንደጠበቀ ያደርሳል፤ ተገቢው መሣሪያ ከተገጠመለትም ጫፉ ላይ ዋይፋይ ለሚያሰራጨው አክሰስ ፖይንት ኤሌክትሪክ አብሮ ይወስዳል። «የሞባይል ዳታ እያለ ለምን?» የሚል አይጠፋም። ለአንድ ስልክ ልክ ነው፤ ተማሪ ልጆች፣ ቴሌቪዥንና ተከራይ ለሚጋሩት ግቢ ግን አያዋጣም። «መብራት ሲጠፋስ?» ለሚለውም፣ ኃይሉ ከአንድ ቦታ ስለሚነሳ አንድ መጠባበቂያ ባትሪ ራውተሩንም አክሰስ ፖይንቱንም ያቆያል። ወጪ የሚያንረው ከገመዱ ይልቅ የተለሰነ ግድግዳ መቦርቦር ነው። ስለዚህ ገመዱን ዛሬ መግዛት ያልቻለ እንኳ ከመብራቱ መስመር የተለየ ባዶ ቱቦ ያስቀብር፤ ገመዱ ገንዘብ ሲገኝ ይገባል።