ወታደር ዘጋቢ ሲሆን፦ ምስክሩ የቆመው የት ነው?

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ሰሞኑን ያስታወሰኝ አንድ የቀድሞ የአሜሪካ ወታደር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማይክል ዮን በወጣትነቱ የአሜሪካ ጦር የልዩ ኃይል አባል ነበር። በ2004 መጨረሻ ካሜራና ማስታወሻ ደብተር ይዞ ኢራቅ ገባ። ቀጣሪ ጋዜጣ አልነበረውም፤ ያየውን በኢንተርኔት እየጻፈ ያወጣል፤ ወጪውንም አንባቢዎቹ ያዋጡለት ነበር። በ2005 ሞሱል ከተማ ላይ ከ24ኛው እግረኛ ሬጂመንት 1ኛ ሻለቃ ጋር ወራት አሳለፈ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ የውጭ ጋዜጠኞች በጸጥታው ምክንያት ከባግዳድ እምብዛም አይወጡም ነበር። እሱ ግን ከወታደሮቹ ጋር በአንድ ብረት ለበስ እየተሳፈረ፣ የሚበሉትን እየበላ፣ በሚተኙበት እየተኛ ጻፈ።

በግንቦት 2005 ሕፃናት በተሰበሰቡበት ቦታ በመኪና የተጠመደ ቦምብ ፈነዳ። ዮን አንድ የአሜሪካ ሻለቃ ፋራህ የምትባል ትንሽ ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አቅፎ ሲያጎነብስ ፎቶ አነሳ። ልጅቷ ሕክምና ሳትደርስ ሞተች፤ ፎቶው ግን ዓለምን ዞረ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ 19 ቀን ነገሩ ተገለበጠ። የሻለቃው አዛዥ ሌተናል ኮሎኔል ኤሪክ ኩሪላ ተጠርጣሪዎችን ሲያሳድድ በአንድ ሱቅ አጠገብ በሦስት ጥይት ተመቶ ወደቀ። ተኳሹ ሱቁ ውስጥ ነው። ዮን መሣሪያ አነሳና ወደ ሱቁ ተኮሰ። ኩሪላ ተርፎ፣ ከ2022 እስከ 2025 በመካከለኛው ምሥራቅ ያለውን የአሜሪካ ጦር ሁሉ የሚያዝ ጄኔራል ለመሆን በቃ።

እንግዲህ ዮን ምን ማድረግ ነበረበት? አጠገቡ ሰው እየሞተ ካሜራውን ማስተካከል? እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ስለዚህ አልፈርድበትም። ነገር ግን የጦሩ ደንብ አብሮ የሚጓዝ ጋዜጠኛ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮልም ጋዜጠኛን እንደ ሲቪል የሚጠብቀው ከዚህ ደረጃው ጋር የሚጋጭ ተግባር እስካልፈጸመ ድረስ ነው። አንዱ ጋዜጠኛ ሲተኩስ፣ ሌላው ጋዜጠኛ ሁሉ በተፋላሚው ዓይን ወታደር ይመስላል። በዚያ ጦርነት ከተገደሉት ጋዜጠኞች የሚበዙት ደግሞ አብረዋቸው የሚጓዙ ታንኮች የሌሏቸው ኢራቃውያን ነበሩ።

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። በእኛ ሥራ አንድ የመለኪያ መሣሪያ የሚሰጠውን ቁጥር ከማመናችን በፊት የት ላይ እንደታሰረ እንጠይቃለን። የድልድይን ንዝረት የሚለካ መሣሪያ በአንደኛው ምሰሶ ላይ ብቻ ቢታሰር ስለዚያ ምሰሶ የሚናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ድልድዩ ግን አይደለም። ወታደር ዘጋቢም እንዲሁ ነው። ሲቪሉ የማያየውን ያያል፦ የተኩሱን ድምፅ ይለያል፤ የመኮንኑን ፍርሃት ከፊቱ ያነባል። ከግድግዳው ማዶ የተቀመጠችው እናት ግን ከቆመበት ቦታ አትታየውም።

ይህ ማለት የተዋጋ ሰው ሁልጊዜ ለወገኑ ያደላል ማለት አይደለም። በመጋቢት 2010 አፍጋኒስታን ውስጥ በካንዳሃር አቅራቢያ አንድ ድልድይ በአጥፍቶ ጠፊ ሲመታ፣ ድልድዩን የመጠበቅ ኃላፊነት የማን ነበር ብሎ በግልጽ የጠየቀው ይኸው ዮን ነበር። አዛዦችን በአደባባይ ነቀፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ከጦሩ ጋር የመጓዝ ፈቃዱ ተቋረጠ። ያሳፈረህ ሊያወርድህም ይችላል።

ነገሩ ለእኛም አዲስ አይደለም። በ1935 ጣሊያን አገራችንን ስትወር፣ የታንክ ውጊያ ሊቅ የሚባለው ጡረተኛው የእንግሊዝ ጄኔራል ጄ. ኤፍ. ሲ. ፉለር ለአንድ የለንደን ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ ከወራሪው ጦር ጋር መጣ፤ ሰውየው የእንግሊዝ ፋሺስቶች ድርጅት አባል ነበር። በእኛ ወገን ሆኖ የዘገበው ወጣቱ ጆርጅ ስቲር ደግሞ ወታደር አልነበረም፤ በኋላ ግን በ1941 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተመልሶ በዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ክፍል መርቷል። አንዱ ከወታደርነት ወደ ጋዜጠኝነት፣ ሌላው ከጋዜጠኝነት ወደ ወታደርነት ተሻገሩ። እኛ ስቲርን የምንወደው ከእኛ ጋር ስለቆመ ነው፤ እሱም ቢሆን የቆመበት ቦታ ነበረው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ዮን ለመፍረድ አይደለም። በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነቱ ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። እናቱ መቀሌ ያሉ አንድ ወዳጅ ነበረኝ። አንድ ማታ ደውሎ «ምን ሰማህ?» አለኝ። እኔም ከሠራዊቱ በጡረታ የወጣ አንድ ሰው በቪዲዮ የሰጠውን ትንታኔ ላክሁለት። ሰውየው ካርታ ዘርግቶ፣ የክፍለ ጦሮቹን ስም እየጠራ፣ ነገሩ በቀናት ውስጥ እንደሚያልቅ ያስረዳል። አነጋገሩ የሚያውቅ ሰው አነጋገር ስለነበር አመንሁት። በማግስቱ ወዳጄ መልሶ ደወለና፦

«ወንድሜ፣ እኔ የጠየቅሁህ እናቴ በሕይወት አለች ወይ ብዬ ነው። ጦሩ የት ደረሰ መቼ አልሁህ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

ጦርነቱ በቀናት አላለቀም፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው በኅዳር 2022 ነው። ወዳጄ ከሳምንታት ዝምታ በኋላ የእናቱን ድምፅ መስማቱን የነገረኝ ሌላ ሰው ነው።

እኛ በስደት ያለን ሰዎች ጦርነትን የምናየው በሌሎች ዓይን ነው፤ ምርጫ የለንም። እንግዲያው አንድ የቀድሞ ወታደር ጦር ሜዳውን ሲያሳየን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የቆመው የት ነው? ያሳፈረው ማን ነው? የራሱን ወገን ጥፋት አንድ ቀን እንኳ ነግሮን ያውቃል? እነዚህን የማይመልስ ሰው ካርታው ቢያምር፣ የክፍለ ጦሮቹን ስም በቃሉ ቢያውቅ፣ ስለ አንዲት እናት ሊነግረን አይችልም። እኔ ይህን ሳልጠይቅ በመላኬ ወዳጅ አጣሁ።

ቸር ወሬ ያሰማን።