የሰመጡት መርከቦች ለምን ተነሡ?

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ያካሄደችው «ሚሌኒየም ቻሌንጅ» የጦር ልምምድ በተነሣ ቁጥር አንድ መከራከሪያ አብሮት ይነሣል። በጊዜው ያቀረቡት ምክትል የጥምር ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ፒተር ፔስ ነበሩ። አንድ ወታደር በልምምዱ የመጀመሪያ ቀን ስለ«ሞተ» ቀሪዎቹን 13 ቀናት ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ፣ ተነሥቶ የ13 ቀን ትምህርት ቢገኝበት ይሻላል የሚል ነው።

ይህ አባባል ዛሬም ብዙዎችን ያሳምናል። እኔን ግን ያስቆጣኛል፤ የተጠየቀውን ትቶ ያልተጠየቀውን ይመልሳልና። የሞተው ወታደር ለምን ተነሣ ያለ ሰው የለም። በሺህ የሚቆጠር ጦር ሜዳ ላይ አሰልፎ በሁለተኛው ቀን ወደ ቤት መበተን ብክነት መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። ጥያቄው ከተነሣ በኋላ ምን ተደረገ የሚለው ነው።

የጠላትን ወገን፣ ማለትም ቀይ ቡድኑን፣ የመሩት ጡረተኛው የማሪን ሌተናል ጄኔራል ፖል ቫን ራይፐር ነበሩ። ሬዲዮ እንደሚጠለፍ ስላወቁ ትእዛዛቸውን በሞተር ሳይክል መልእክተኞች ላኩ። ከዚያም የክሩዝ ሚሳይል ናዳና የትናንሽ ጀልባዎች መንጋ በአንድ ጊዜ ለቀቁ። የመርከቦቹ መከላከያ ይህን ሁሉ መመከት አቅቶት በኮምፒውተሩ ላይ አንድ የአውሮፕላን ተሸካሚን ጨምሮ 16 መርከቦች ሰመጡ። የማይሆን ነገር ነው እንዳይባል፣ ከልምምዱ ሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ጎረቤታችን ኤደን ወደብ ላይ ፈንጂ የጫነች ትንሽ ጀልባ «ኮል» በተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ 17 መርከበኞች ገድላለች።

መርከቦቹ ተነሡ። ለትምህርት ከሆነ፣ ያንኑ ጥቃት ደግሞ መሞከር፣ መርከቦቹን ከባሕር ዳርቻው አርቆ ማየት፣ መከላከያው በስንተኛው ሚሳይል እንደተረታ መቁጠር ይቻል ነበር። የኮምፒውተር ልምምድ ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው፤ ሰው ሳይሞት፣ ነዳጅ ሳይነድ አንዱን ውጊያ ደጋግሞ ማዋጋት ይቻላል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ቀይ ቡድኑ በቀላሉ እንዲመታ የፀረ አውሮፕላን ራዳሮቹን እንዲያበራ ታዘዘ። ወታደር የሚያጓጉዙትን አውሮፕላኖች እንዳይመታም ተከለከለ። ቫን ራይፐር ይህን ሲያዩ አዛዥነታቸውን ተዉ። እነ ፔስ ተገኘ የሚሉት የ13 ቀን ትምህርት እጁ ከታሰረ ጠላት ጋር የተደረገ ውጊያ ነው።

የጃፓን ባሕር ኃይልም በ1942 የሚድዌይን ዘመቻ በጠረጴዛ ላይ ሲለማመድ ዳኛው አካጊና ካጋ የተባሉት አውሮፕላን ተሸካሚዎች ዘጠኝ ጊዜ ተመትተዋል ብሎ ፈረደ። ልምምዱን የመሩት አድሚራል ኡጋኪ ዘጠኙን ወደ ሦስት አወረዱት። ሰኔ ላይ በእውነተኛው ውጊያ ሁለቱም፣ ከሌሎች ሁለት ተሸካሚዎች ጋር፣ ወደሙ።

የአሜሪካው ልምምድ 13,500 ሰዎችን አሳትፎ 250 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ባለሥልጣናቱም በልምምዱ የተፈተነው አዲስ የውጊያ ስልት ትክክለኛነቱ ተረጋገጠ አሉ። በመጋቢት 2003 ኢራቅ ውስጥ ጦር የሚመሩት ሌተናል ጄኔራል ዊልያም ዋላስ የሚዋጉት ጠላት ከተለማመዱበት የተለየ መሆኑን ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ልምምዱን ያዘጋጀው እዝ የራሱ ሪፖርትም ቆይቶ ይፋ ሲሆን፣ የቀይ ቡድኑ ነፃነት እየጠበበ ሄዶ መጨረሻው አስቀድሞ የተጻፈ ድል እንደሆነ አምኗል።

ዛሬ የጦር ዕቅዶች ከመቼውም ይልቅ በኮምፒውተር ይፈተናሉ፤ ሪፖርቱን የሚጽፉት ግን አሁንም ብዙ ጊዜ ዕቅዱን ያወጡት ናቸው። ይህ ካልተለወጠ ቀጣዩ ቫን ራይፐር ሲያሸንፍ መስማታችንን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ የትኛውም መንግሥት ዕቅዴ በሲሙሌሽን ተፈትኖ አለፈ ሲል፣ አንባቢ ሆይ፣ ጠላትን ሆኖ የተዋጋው ማን እንደነበር፣ ባሸነፈም ጊዜ ምን እንደተደረገ ጠይቅ።