ለመግሪብ የሚያደርስ ሊግ

የኢትዮጵያ ሴቶች ፕሪሚየር ሊግ አለ። ከሥሩ ከፍተኛ ሊግ አለ። ከዚያ በታች ክልል፣ ዞንና ወረዳ ይከተላሉ ይባላል። እኔ ስፖርት በማስተምርበት በሐይቅ ከተማ ግን መሰላሉ መሬት አይነካም። እዚህ ሴት ልጅ የምታገኘው በዓመት አንድ ጊዜ የሚጠራ ውድድር ነው፤ እሱም ከተጠራ። ሳምንት ይቆያል፣ ዋንጫ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ያልቃል።

አንድ ዓመት ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበር። ያረፍነው በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው፤ ዴስኩን ወደ ግድግዳ ገፍተን፣ ፍራሽ አንጥፈን። ታኬታ ለሁሉም አልደረሰም። ስለዚህ ተቀይራ የምትወጣዋ ልጅ መስመሩ ላይ ቁጭ ብላ ታኬታዋን ትፈታለች፤ የምትገባዋ ተቀብላ ታጠልቃለች፤ ዳኛው ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል። አንዷ ቁጥሩ ሰፍቷት ጫፉ ላይ ካልሲ ጠቅጥቃ ገባች። የመጀመሪያውን ኳስ ስትመታ ታኬታው ከኳሱ ቀድሞ በረረ። ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ሁለት ጊዜ ተሸንፈን ተመለስን። ያቺ ልጅ በዚያ ዓመት ማልያ ለብሳ የተጫወተችው ያንኑ ብቻ ነው። ተጫዋች ስህተቷን የምታርመው በሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታ ነው፤ የሚቀጥለው ሳምንት ከሌለ ስህተቷን ይዛ ዓመት ትቀመጣለች።

በሚቀጥለው ዓመት ቡድን ላዋቅር ስል ከጎበዞቹ መካከል የቀሩ ነበሩ። የአንዷን እናት ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኳቸው። «መምህርት፣ እኔ ኳሱን መች ጠላሁት፤ ማደሩ ነው እንጂ። ለመግሪብ ሶላት የሚመልሱልኝ ከሆነ ይውሰዷት» አሉኝ። ስለ ሴቶች እግር ኳስ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ «የግንዛቤ ችግር» የሚለው ቃል የማይነሳበት የለም። እኚህ እናት ግንዛቤ አላነሳቸውም። የጠየቁት የጊዜ ሰሌዳ ነው።

ዞናችን ደቡብ ወሎ ደግሞ ልጆች ሳያድሩ በየሳምንቱ ለሚጫወቱበት ሊግ የተመቸ ነው። ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅና ውጫሌ የተሰለፉት በአንድ አስፋልት ላይ ነው። ሐይቅ ከደሴ ቢርቅ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ከዋናው መንገድ ገባ የምትለውን ቢስቲማን ጨምሩ፤ ደሴ ሁለት ቡድን ታውጣ፤ ስድስት ሞላ። በደርሶ መልስ እያንዳንዱ ቡድን 10 ጨዋታ ያደርጋል፣ በጠቅላላው 30። አንድ ቅጥቅጥ ጠዋት ይነሳል፤ ልጆቹ ከምሳ በፊት ይጫወታሉ፤ ከሰዓት በኋላ እቤታቸው ናቸው። ፍራሽም የአዳር አበልም አያስፈልግም። ውጫሌን አገሩ የሚያውቃት በ1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር በተደረገው ውልና በአንቀጽ 17 ብቻ ነው፤ ልጆቿም አንድ ነገር ቢጨምሩላት ምን አለበት?

አለባበሱን የሚያነሱ አሉ። ሴት ተማሪዎቼ ብዙዎቹ ፀጉራቸውን ይሸፍናሉ። ፊፋ በ2014 እ.ኤ.አ. ሒጃብ ለብሶ መጫወትን ፈቅዷል፤ በ2023ቱ የሴቶች የዓለም ዋንጫ የሞሮኮዋ ኑሃይላ ቤንዚና በሒጃብ ተሰልፋለች። ክርክሩ እዚያ ካለቀ ሐይቅ ላይ የሚቀጥልበት ምክንያት አይታየኝም። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ሴት አትረግጥም፤ እሱ ከጥንት የቆየ ሥርዓት ነው፣ እናከብረዋለን። የኳስ ሜዳውን ግን ማን ገዳም አደረገው?

ላይ ያለው ሊግ ደህና እየሄደ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የሴካፋን የማጣሪያ ዋንጫ አንስተው ሞሮኮ በተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ተሳትፈዋል። አጥቂዋ ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ በሀዋሳና በደደቢት አድርጋ ማልታ፣ ከዚያም አሜሪካ ደርሳለች። ይርጋ ጨፌ ከሐይቅ ብዙም የማትበልጥ ከተማ ናት፤ በስሟ የሚጠራ ቡድን ግን በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቷል። ፕሪሚየር ሊጉ ሲካሄድ ክለቦቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው ነው የሚጫወቱት። ወጪው ይቀንስ ይሆናል፤ የሐይቅ ልጅ ግን አንድም ጨዋታ በዓይኗ አታይም። የምታየው የቅርብ ሊግ ካልተፈጠረላት የሎዛ ስም ለእሷ ወሬ ነው። ዳኞችም ቢሆኑ ከእንዲህ ያለ የቅርብ ሊግ ነው የሚወጡት፤ ሊዲያ ታፈሰ በ2015፣ በ2019 እና በ2023 እ.ኤ.አ. የሴቶች የዓለም ዋንጫ ላይ የደረሰችው ትንንሽ ጨዋታዎችን ስትዳኝ ኖራ ነው።

«ጸጥታው አይፈቅድም» የሚለው መልስ ይገባኛል። የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ሐይቅንም ውጫሌንም ረግጦ አልፏል፤ ከዚያ ወዲህም መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ። ሆኖም የትኛው ይሻላል? ዓመታዊው ውድድር ሁሉንም ቡድን አንድ ቦታ ሰብስቦ ሙሉ ሰላማዊ ሳምንት ይፈልጋል። ሊጉ የሚፈልገው አንድ ግማሽ ቀን ነው። መንገድ በተዘጋ ሳምንት ጨዋታው ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል፤ ልጆቹም በየከተማቸው እርስ በርስ ይጫወታሉ። ቡድኖቹን ማን ያውጣ ለሚለው ደግሞ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በወንዶች የክለብ ውድድሮቹ የሚሳተፉ ክለቦች የሴቶች ቡድን እንዲኖራቸው በፈቃድ መስፈርቱ ይጠይቃል። የደሴና የኮምቦልቻ የወንዶች ክለቦች ነገ ወደዚያ እናያለን ካሉ ዛሬ የሴት ቡድን ማዘጋጀት ውለታ አይደለም፣ የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የዞኑን የእግር ኳስ ኃላፊዎች የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ዘንድሮ የዋንጫውን ገንዘብ ለነዳጅና ለታኬታ አውሉት፤ የ10 እሑዶች መርሐ ግብር አውጥታችሁ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጥፉ። የመመለሻውንም ሰዓት ጻፉበት፤ እናቶች መጀመሪያ የሚያነቡት እሱን ነው።