እግሩ የሚያነክሰውን ልጅ ከጭፈራ አታስቀሩት

ወላጆች፤ እዚህ ጎግም ሆነ ሌላ ቦታ ከበሮ ሲመታ እግሩ የሚያነክስ ልጅ ቤት ሲቀር አያለሁ። «ይወድቅብናል፣ ይስቁበታል» ትላላችሁ። ስጋታችሁ ይገባኛል። ነገር ግን በተቀመጠ ቁጥር ጡንቻው ይሰልላል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ልጁም ከእኩዮቹ ይርቃል።

አዲስ አበባ ሳልሳ የሚያስተምሩ ወጣቶች አሏት፤ ጎበዞች ናቸው። እኔን የሚገርሙኝ ግን የአዱኛ ዳንሰኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ውስጥ የጎዳና ልጆችን አሰልጥኖ ለመድረክ አበቃ፤ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን የተወለደው ከዚያ ነው። በኋላም አዳም ቤንጃሚን ከተባለ አሰልጣኝ ጋር ሆነው አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን አብረው እንዲደንሱ አደረጉ። ከቡድኑ የወጡት ጁናይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ የመሠረቱት ዴስቲኖም ይህንኑ ቀጠለ። እነዚህ ሰዎች ሐኪሞች አይደሉም፤ እኔ በወረቀት ጽፌ የማልሰጠውን መድኃኒት ግን ሰጥተዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች፣ አካል ጉዳተኞችም ጭምር፣ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። መቆም ካልቻለ ወንበር ላይ ሆኖ ትከሻውን ይምታ፣ ያጨብጭብ። ካመመው ይረፍ፤ ውኃ አጠጡት። የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ካለበት አስቀድማችሁ አማክሩን። ትኩሳት ካለው ግን ጭፈራው ይቅርና ወዲያው ለወባ ይመርመር። (ማታ ከሆነ ረጅም እጅጌ አልብሱት፤ ትንኟም ጭፈራ ትወዳለች።)

ከበሮ መቺዎች፣ እናንተም ምቱን ለአፍታ ቀዝቀዝ አድርጉለት።