ካኖን ይሻላል ኒኮን? የጌዶው ክርክር

ሁለት ፎቶ ወዳድ ወጣቶች አንድ ላይ ከተቀመጡ ጨዋታው የት እንደሚደርስ ይታወቃል። «ያንተ ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ይላል አንዱ። ሌላው ቁጥሩን ይናገራል። ከዚያ በኋላ የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ሲገናኙ የሚሆነው ይሆናል። ባለካኖኑ ኒኮንን፣ ባለኒኮኑ ካኖንን ሲያጣጥል የተቀዳው ቡና ይቀዘቅዛል። አጠገባቸው ያሉት ወላጆች ከዚህ ሁሉ ወሬ የሚገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገንዘብ ሊጠየቁ መሆኑ።

ይህን ክርክር በቅርቡ ጌዶ ላይ፣ አክስቴ ቤት ሰማሁት። ጌዶን ለማታውቁ፣ ከአምቦ ተነስቶ ጉደርን አልፎ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ወደ ፊንጫ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠልባት ደጋ ከተማ ናት። ብርዷን የቀመሰ አይረሳትም። የአክስቴ ልጅ ካኖን 600ዲ አለው፤ በፈረንጆች 2011 የወጣ ባለ18 ሜጋፒክስል ካሜራ ነው። ጓደኛው መምህር ነው፤ የእሱ ኒኮን ዲ7100 ሲሆን በ2013 የወጣና 24 ሜጋፒክስል ያለው ነው። የአክስቴ ልጅ በከተማው ሰርግ ማንሳት ጀምሯል፤ «ካሜራዬ አርጅቷል» ማለትም ጀምሯል። አባቱ ጋሼ ደግሞ ለልጃቸው የማይሆኑት የለም። ለፋሲካ ገበያ የሚያደልቡትን ወይፈን ሸጠው አዲስ ካሜራ ሊገዙለት ቆርጠዋል። «አንቺ ከጋዜጣ ሰዎች ጋር ስለምትውይ ታውቂያለሽ፤ የትኛው ነው የሚሻለው?» ብለው የጠየቁኝም ለዚህ ነው።

ወይፈን የሚያህል ነገር ከመሸጡ በፊት ግን ካሜራው የሚፈለገው ምን ለማንሳት እንደሆነ መታወቅ ነበረበት። ለዚህ መልሱ እዚያው ቤት፣ እሳቱ አጠገብ ተቀምጧል።

የጋሼ እናት አሉ፤ የቤቱ ልጆች ሁሉ «አኮ» ይሏቸዋል፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ዕድሜያቸው ሲጠየቅ «ጣሊያን ሲገባ ልጅ ነበርኩ» ነው መልሳቸው። ባለቤታቸው ከዓመታት በፊት ሲያርፉ ከእሳቸው የተገኘው ፎቶ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ የተለጠፈው ጉርድ ብቻ ነበር። ለልቅሶው አሳድገው አሳጠቡት። ፎቶው ሲያድግ ፊታቸው ደበዘዘ፤ ትከሻቸው ላይ ያረፈው የማኅተም ግማሽ ደግሞ አብሮ አደገ። ግድግዳው ላይ ዛሬም የተሰቀለው ያ ነው። የልጅ ልጆቻቸው አያታቸውን የሚያውቋቸው ከነማኅተሙ ነው። በየቤታችን እንዲህ ያለ ፎቶ የሌለው ስንት ነው?

የአኮስ? በስልክ የተነሱት ፎቶ ሞልቷል። ሁሉም ላይ ግን ጋቢያቸው በደንብ ወጥቶ ፊታቸው ጠቁሯል። ዓይናቸው የት እንዳለ አይለይም።

እናም ለሁለቱ ተከራካሪዎች «አኮን አንሱልኝና እንየው» አልኳቸው። አኮ ብርድ ስለማይስማማቸው ከእሳቱ አጠገብ አይነሱም፤ ቤቱ ያለው መስኮት አንድ ነው። ቡና ተፈልቶ ጭሱም አለ። ለካሜራ ከዚህ የባሰ ፈተና የለም። ደግሞም አብዛኞቻችን እናቶቻችንንና አያቶቻችንን የምናገኛቸው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው።

የመምህሩ ኒኮን ላይ ያለው ሌንስ ከ18 እስከ 140 ሚሊሜትር የሚሳብ ዙም ነው። የአክስቴ ልጅ ካሜራ ላይ ያለው ደግሞ 50 ሚሊሜትር፣ የማይሳብ፣ ትንሽዬ ሌንስ ነው። በአዲሱ ኒኮን የተነሱት አኮ ብዥ አሉ፤ በአሮጌው ካኖን የተነሱት ግን ከነሽብሽባቸው፣ ከነዓይናቸው ብርሃን ወጡ። መምህሩ ደጋግሞ ሞከረ፤ ለውጥ የለም። የካኖን ወገን ሊጨፍር ሲነሳ እኔ አስቀመጥኩት፤ ካሜራዎቹን ተዉና ሌንስ ተቀያየሩ እንዳልላቸው የአንዱ ሌንስ በሌላው ካሜራ ላይ አይገባም። ቢገባ ኖሮ አሸናፊውም ይገለበጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌንስ ላይ ከሚሊሜትሩ ቀጥሎ የሚጻፍ ቁጥር አለ፤ 1.8 ወይም 3.5-5.6 ይላል። ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት ነው የሚነግረን፤ ባለሙያዎቹ አፐርቸር ይሉታል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ቤት ሲሠራ የሚገባውን ብርሃን የሚወስነው የመስኮቱ ስፋት አይደል? ያው ነው። የ50 ሚሊሜትሩ ሌንስ 1.8 ላይ ሲከፈት ቀዳዳው ወደ 28 ሚሊሜትር ይሰፋል። ዙሙ ግን ፊት ለማቅረብ ሲሳብ 5.6 ላይ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል በሚገባው ብርሃን ያለው ልዩነት ከ9 እጥፍ በላይ ነው። ይህ ማለት አንዱ ካሜራ ለአንድ ፎቶ የሰከንድ 15ኛ ያህል ጊዜ ሲፈልግ ሌላው በሰከንድ 125ኛ ገደማ ይጨርሳል ማለት ነው። በሰከንድ 15ኛ ውስጥ አኮ ሲኒያቸውን ወደ አፋቸው ያነሳሉ፤ ይስቃሉ፤ «ምነው ይሄ ልጅ አፈጠጠብኝ» ይላሉ። ፎቶውን ያደበዘዘው ይህ ነው።

መምህሩ «የእኔ ሌንስ የእጅ መንቀጥቀጥን ይከላከላል» ብሎ ተከራክሯል፤ እውነቱን ነው፤ በዙሙ ውስጥ ለዚያ የተሠራ ነገር አለ። የሚያረጋጋው ግን የያዘውን እጅ ነው። የተነሺውን ሰው እንቅስቃሴ አያቆምም። በዚያ ላይ 24 ሜጋፒክስሉ ምንም አልረዳውም። ብዥታ በ24 ሚሊዮን ነጥብ ቢጻፍም ብዥታ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ተራው የመምህሩ ሆነ። ጭጋጉ ሲገፈፍ ቤተሰቡ በሙሉ ግቢ ውስጥ ተሰለፈ፤ ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ፣ ጎረቤት ሳይቀር። በ50 ሚሊሜትሩ ካኖን ከ4 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ የሚያዘው ስፋት 1 ሜትር ከ80 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ተጠጋግተው ለቆሙ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ይበቃል። የአክስቴ ልጅ ወደ ኋላ ሲል፣ ወደ ኋላ ሲል አጥሩ አገደው። መምህሩ ዙሙን 18 ላይ አድርጎ ከዚያው ከ4 ሜትር ላይ ከ5 ሜትር በላይ ስፋት ያዘ። ሁሉም ገቡ። ለሰርግ አዳራሽ፣ ለጥምቀት ሕዝብ፣ ለኢሬቻ፣ እየሮጠ ለሚጫወት ሕፃን ዙም ነው የሚያስፈልገው።

ሰፊ ቀዳዳም የራሱ ጣጣ አለው። 1.8 ላይ ተከፍቶ ከ2 ሜትር ርቀት ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 10 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። የአኮ ዓይን ጥርት ሲል ከኋላ ያለው ግድግዳ ይደበዝዛል፤ ይህ ያምራል። ግን የልጅ ልጃቸው ከኋላቸው ቆማ ከሆነ እሷም ትደበዝዛለች። ሁለት ሰው ከሆነ ቀዳዳውን 4 ድረስ ማጥበብ፣ ወይም ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የጠቆረው ፊት ጉዳይ ግን የሌንስም የካሜራም አይደለም። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ አማክሎ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ፊት ለፊቱ ነጭ ጋቢና ነጭ ነጠላ ሲሞላ «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ያጨልማል፤ ከጨለማው ጋር የሚቀጣው የእኛን ጠይም ፊት ነው። ካኖንም ኒኮንም ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ፤ ወደ መደመር 1 ማምጣት ነው። ስልክ የያዛችሁም አትቅሩ፤ ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣት ንኩት፣ ከዚያ የምትወጣዋን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ግፏት። አኮን መስኮቱ በጎናቸው እንዲሆን አድርገን ይህን ብቻ ስንጨምርበት በስልክም ዓይናቸው ታየ። ለዚህ ምንም አልተከፈለም።

እንግዲህ ወደ ወይፈኑ። ጋሼን እንዲህ አልኳቸው፤ ልጁ ያለው ካሜራ አይለወጥ። 10 በ15 ሴንቲሜትር ለሆነው የአልበም ፎቶ የሚያስፈልገው 2 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። ኤ4 ወረቀት ለሚያህል የግድግዳ ፎቶ ደግሞ 9 ገደማ ይበቃል። የእሱ 18 ነው። የጎደለው ዙም ነው፤ እሱንም ያገለገለ መግዛት ይቻላል። መምህሩ ደግሞ 50 ሚሊሜትር ባለ1.8 ሌንስ ይግዛ፤ በካኖንም ሆነ በኒኮን ከሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «ስለዚህ ሁለቱም ሲከራከሩ የነበረው ስለሌላቸው ነገር ነው?» አሉ። ወይፈኑ እስካሁን በረት ውስጥ ነው።

ያገለገለ ዕቃ ለልጃቸው ሊገዙ ለሚወጡ ወላጆች ጥቂት ነገር ልጨምር። ሌንሱን አንስታችሁ በአንድ በኩል የስልክ መብራት አብሩበትና በሌላው በኩል እዩ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ቀጭን ክር ከታያችሁ ሻጋታ ነው፤ ተዉት። አቧራ ትንሽ ቢኖር ግን አያስደንግጣችሁ። የካሜራ ሹተር እንደ መኪና ኪሎሜትር የሚቆጠር ዕድሜ አለው፤ ዲ7100 ለ150,000 ጊዜ የተፈተነ ነው። ሰርግ ሲያነሳ የኖረ ካሜራ በአንድ ቀን ሺህ ጊዜ ሊተኩስ ይችላል፤ ስለዚህ ስንት ዓመቱ ነው ከማለት ስንት ጊዜ ተኮሰ ማለት ይሻላል። ኒኮን ቁጥሩን በሚያነሳው ፎቶ ፋይል ውስጥ ስለሚመዘግብ ልጆቹ በኮምፒውተር ሊያወጡት ይችላሉ። አንድ ወጥመድም አለ። ዲ3500ንና ዲ5600ን የመሰሉ ቀለል ያሉ ኒኮኖች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም። ሌንሱ ላይ «ኤኤፍ» ብቻ ከተጻፈ ፎከሱን በእጅ ማዞር ሊኖርባችሁ ነው፤ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚለውን ጠይቁ።

ደጋ ላላችሁ ደግሞ፣ ከብርዱ ወደ ሞቀው ቤት ስትገቡ ካሜራውን ወዲያው ከቦርሳ አታውጡ። ቀዝቃዛ ሌንስ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ተዘግቶ ይቆይ። በክረምት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚከርም ሌንስ ነው የሚሻግተው፤ በየጊዜው አውጥታችሁ ብርሃንና አየር አስነኩት። ከአዲስ ጫማ ሳጥን የምትወጣውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሏት፤ ቦርሳው ውስጥ ክተቷት።

ፎቶውን ካነሳችሁ አሳጥቡት። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል የተሰበሰቡትን የድሮ ፎቶዎች ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ከየቤተሰቡ አልበምና ሳጥን የወጡ፣ በወረቀት ላይ ስለነበሩ የተረፉ ናቸው። በስልክ ላይ ያለ ፎቶ ስልኩ ውኃ ውስጥ የገባ ዕለት የለም። ከውጭ አገር ልጆቻችሁ ሲልኩላችሁም በቴሌግራም «እንደ ፋይል ላኩልን» በሏቸው፤ እንደ ፎቶ ከተላከ መጠኑ ስለሚያንስ ለግድግዳ አይሆንም። የድሮ መታወቂያ ፎቶ ካላችሁ ፍላሽ ሳታበሩ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ከላይ አንሱት። ማኅተሙን ፎቶ ቤት ያሉ ልጆች በኮምፒውተር ሊያነሱት ይችላሉ፤ ፊቱን ግን «አሳምሩልን» አትበሏቸው፤ ሌላ ሰው ነው የሚመልሱላችሁ።

ከጀርባው ስም፣ ቦታና ቀን በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ዳር ላይ ጻፉ። ፍሬም ውስጥ ስታስገቡትም ፎቶው መስታወቱን እንዳይነካ በዙሪያው የካርቶን ጠርዝ ይደረግለት፤ በእርጥበት ጊዜ ተጣብቆ ሲነቀል ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። የምትሰቅሉት ደግሞ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው፣ ጭስም በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ይሁን።

ቸር እንሰንብት።