የሰውነት ማጎልመሻ ውጤት ስለ ልጅዎ ምን ይናገራል? የእንቅስቃሴና የማኅበራዊ ክህሎት ምዘና ሲፈተሽ

የወሰነ ትምህርት ማብቂያ በደረሰ ቁጥር ወላጆች የልጆቻቸውን የውጤት ካርድ ተቀብለው አስቀድመው ዓይናቸውን የሚያሳርፉት በሒሳብ፣ በቋንቋና በሳይንስ ውጤቶች ላይ ነው። በተለምዶ «ስፖርት» እየተባለ የሚጠራው የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ውጤት ግን ብዙውን ጊዜ የሚታየው አማካይ ነጥቡን ከፍ ወይም ዝቅ ከማድረጉ አንጻር ብቻ ነው። «75 አገኘ» ተብሎ ይታለፋል። 75ቱ ከምን እንደመጣ፣ ልጁ ምን መሥራት እንደቻለና ምን እንደቀረው ሲጠየቅ እምብዛም አይሰማም። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የልጆች የእንቅስቃሴና የማኅበራዊ ክህሎት እንዴት ቢመዘን ለልጁ እንደሚጠቅም፣ ወላጆችም ከትምህርት ቤቱ ምን ሊጠይቁ እንደሚገባ ይመለከታል።

ጉዳዩን ማንሳት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከታወቀ ወዲህ የትምህርት ጥራት የየቤቱ መነጋገሪያ ሆኗል። መነጋገሪያ መሆኑ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ትኩረቱ ሁሉ በብሔራዊ ፈተና በሚካተቱ የትምህርት ዓይነቶች ላይ ሲያርፍ፣ በፈተናው የማይካተተው ሰውነት ማጎልመሻ ወደ ዳር ሊገፋ ይችላል። ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት ማካካሻ ይውላል፤ ውጤቱም በአንድ የሩጫ ውድድር ወይም በአንድ የጽሑፍ ፈተና ይሞላል። ብሔራዊ ፈተና የሌለው ትምህርት ምዘና አያስፈልገውም ማለት ግን አይደለም። እንዲያውም ማዕከላዊ ፈተና በሌለበት የልጁን መሻሻል የሚያሳየው ብቸኛው መረጃ የመምህሩ ተከታታይ ምዘና ስለሚሆን ጥንቃቄው ሊበረታ ይገባል።

በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት የሚመዘነው የእንቅስቃሴ ክህሎት በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ከቦታ ወደ ቦታ የመንቀሳቀስ ክህሎት ሲሆን መሮጥን፣ መዝለልንና በአንድ እግር እየዘለሉ መሄድን ይጨምራል። ሁለተኛው ሚዛንን መጠበቅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ቁስን መቆጣጠር፣ ማለትም መወርወር፣ መቅለብ፣ መምታትና ማንጠር ነው። እነዚህ ክህሎቶች ለልጆቻችን እንግዳ አይደሉም። ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወት ልጅ ጠጠሯን ወደ ታሰበው ሳጥን ትወረውራለች፣ በአንድ እግሯ እየዘለለች ትሄዳለች፣ መስመር ሳትረግጥ ዞራ ትመለሳለች፤ ሦስቱንም በአንድ ጨዋታ ታሳያለች። ቅልብልቦሽ የዓይንና የእጅን ቅንጅት፣ የገመድ ዝላይ የጊዜ አጠባበቅን፣ አባሮሽ በሩጫ መካከል አቅጣጫ መቀየርን ይጠይቃል። የሰለጠነ ዓይን ያለው መምህር እነዚህን ጨዋታዎች በማየት ብቻ ብዙ መረጃ ሊሰበስብ ይችላል። ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ምን እንደሚመለከት አስቀድሞ መወሰን ነው።

ዋናው ጥያቄ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ልጁ ምን ያህል ርቀት ወረወረ ብሎ መለካትና ልጁ እንዴት ወረወረ ብሎ መመልከት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዓለም በስፋት ከሚታወቁ የልጆች የእንቅስቃሴ መመዘኛዎች አንዱ በአሜሪካዊው የዘርፉ ምሁር ዴል ኡልሪክ የተዘጋጀው መመዘኛ ነው። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ልጆች የታሰበ ሲሆን፣ ሦስተኛው እትሙ 13 ክህሎቶችን ይመለከታል። ልጁ አንድ ጊዜ ይለማመዳል፤ ከዚያም ሁለት ጊዜ ይሠራል። መዛኙ ሜትርም ሆነ የሰዓት መቆጣጠሪያ አይዝም። ለምሳሌ በአንድ እጅ ከትከሻ በላይ ሲወረወር አራት ነገሮችን ያያል፦ እጅ ለመወርወር ሲዘጋጅ ወደ ታችና ወደ ኋላ ዞሮ ይነሳል ወይ? ዳሌና ትከሻ ዞረው የማይወረውረው ጎን ወደ ዒላማው ይመለሳል ወይ? ከሚወረውረው እጅ በተቃራኒ ያለው እግር ወደ ፊት ይራመዳል ወይ? ኳሱ ከተለቀቀ በኋላ እጁ ሰውነትን አቋርጦ ወደ ሌላኛው ዳሌ ይወርዳል ወይ? ለታየው 1፣ ላልታየው 0 ይሰጣል።

የዚህ አሠራር ጥቅም ውጤቱ ለመምህሩ የሚቀጥለውን ትምህርት የሚነግረው መሆኑ ነው። «8 ሜትር ወረወረ» የሚለው መረጃ መምህሩ ነገ ምን ማስተማር እንዳለበት አይገልጽም። «በሚወረውርበት እጅ በኩል ያለውን እግር ያስቀድማል» የሚለው ግን ይገልጻል፤ በሁለትና በሦስት ክፍለ ጊዜ ልምምድም ሊስተካከል ይችላል። የመመዘኛው የነጥብ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ በአሜሪካ ልጆች ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ በመሆኑ እንዳለ ወደ አገራችን ቢገለበጥ ትክክል አይሆንም። ሊወሰድ የሚገባው የአመለካከት ስልቱ ነው።

ርቀትና ፍጥነት ብቻውን መለኪያ ሲሆን የሚፈጠረው ኢፍትሐዊነት በእኛ አገር ሁኔታ ይብሳል። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት በምግብ እጥረት ምክንያት ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ቁመት በታች መሆናቸውን አሳይቷል። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በዚህ ላይ በአንድ ክፍል ውስጥ በ7 ዓመቱ የገባና በ9 ዓመቱ የገባ ልጅ ጎን ለጎን መገኘቱ የተለመደ ነው። ሁሉንም በአንድ መስመር አሰልፎ ቀድሞ ለደረሰ 100፣ ኋላ ለቀረ 50 መስጠት የሚለካው ትምህርትን ሳይሆን ዕድሜንና የቤተሰብን ማዕድ ነው። ልጁ ባልተማረውና ሊለውጠው በማይችለው ነገር ሲቀጣ፣ ሰውነቱን እንደ ጉድለት ማየት ይጀምራል፤ ከጨዋታም ይሸሻል። የልጁ የመስከረም አፈጻጸም ከጥር አፈጻጸሙ ጋር ቢነጻጸር ግን ቁመቱ ምንም ይሁን ምን መሻሻሉ በግልጽ ይታያል።

በሜዳ ላይ የሚደረግ ምልከታ ሌላም ጥቅም አለው። ተደጋግሞ ኳስ የሚያመልጠው ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ዓይኑ በሚገባ አያይም። የፊሽካ ድምፅ ሲሰማ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ዘግይታ የምትነሳ ልጅ መመርመር የሚገባው የመስማት ችግር ሊኖርባት ይችላል። መምህሩ ሐኪም አይደለም፤ የበሽታ ስም መስጠትም አይጠበቅበትም። ያየውን መዝግቦ ለወላጅ መንገርና ወደ ጤና ተቋም እንዲሄዱ ማመልከት ግን ይችላል። በክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ዝም በማለት የሚደበቅ ችግር ሜዳ ላይ አይደበቅም።

ከእንቅስቃሴ ይልቅ አስቸጋሪው የማኅበራዊ ክህሎት ምዘና ነው። በጨዋታ ውስጥ ልጆች ተራ መጠበቅን፣ ሕግ ማክበርን፣ መሸነፍን መቀበልን፣ አቅሙ የሚያንስን ጓደኛ ማካተትን ይማራሉ። ነገር ግን እነዚህ ክህሎቶች ሲመዘኑ በቀላሉ ወደ «ጠባይ» ግምገማ ይንሸራተታሉ። ጸጥ ያለ ልጅ «ጨዋ» ተብሎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ወይም በተቃራኒው «አይሳተፍም» ተብሎ ይቀነስበታል። በብዙ ቤተሰቦች ልጅ በአዋቂ ፊት አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲናገር ሆኖ ያድጋል። ይህ አስተዳደግ እንጂ የክህሎት ጉድለት አይደለም። ከገጠር ወደ ከተማ የመጣች፣ ወይም የመማሪያ ቋንቋው የአፍ መፍቻዋ ያልሆነ ልጅ በቡድን ሥራ መጀመሪያ ላይ ዝም ብትል የሚያስገርም አይሆንም።

ስለዚህ መመዘን ያለበት በዓይን የሚታይ ድርጊት ነው። «ትብብር፦ 7 ከ10» የሚል ነጥብ ለማንም የሚነግረው ነገር የለም፤ 7ቱ 8 ያልሆነበትንም ምክንያት መዛኙ ራሱ ሊያስረዳ አይችልም። «ኳሷን ለጓደኞቿ ታቀብላለች፤ ስትሸነፍ ግን ጨዋታውን አቋርጣ ትወጣለች» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ወላጅ በቤት፣ መምህር በሜዳ ተጋግዘው የሚሠሩበት ጉዳይ ይሰጣል። በዚህ ጸሐፊ እምነት በዝቅተኛ ክፍሎች የማኅበራዊ ክህሎት ምልከታ በጽሑፍ ቢገለጽ እንጂ ከአማካይ ነጥብ ጋር ባይደመር ይመረጣል። የ8 ዓመት ልጅ ተሸንፎ ማልቀሱ ደረጃውን ሊያወርድበት አይገባም።

አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 አካል ጉዳተኛ ልጆች በትምህርት ቤት የሚደረጉትን ጨምሮ በጨዋታ፣ በመዝናኛና በስፖርት ከሌሎች ልጆች እኩል እንዲሳተፉ ማድረግን ግዴታ አድርጎ ያስቀምጣል። ክራንች የሚጠቀም ልጅን ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ የጓደኞቹን ቦርሳ እንዲጠብቅ ማድረግና በመጨረሻ «ለማበረታቻ» 60 መስጠት ከዚህ ጋር አይጣጣምም። ነጥቡ ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ ምንም እንዳልተማረ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ነው። ተቀምጦ መወርወር፣ መቅለብ፣ ዒላማ መምታት ይችላል፤ የሚመዘነውም ራሱ በጀመረበት ነጥብ ነው። ማየት ለተሳነው ልጅ ውስጡ ጠጠር የተደረገበትና የሚንኳኳ ኳስ ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። በላይኞቹ ክፍሎች የሚገኙ ልጃገረዶችም በወር አበባ ወቅት ወይም ልብስ መቀየሪያ በሌለበት ሁኔታ ከሜዳ ሲቀሩ፣ መቅረታቸው ብቻ ታይቶ ነጥብ መቀነሱ ችግሩን ወደ እነርሱ ማዞር ይሆናል።

መምህራን በዚህ ላይ የሚያነሱት ጥያቄ ተገቢ ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍልና በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው፤ ልብስ መቀየሪያውና መሰለፊያው ሳይታሰብ። ሁሉንም ልጆች በአንድ ቀን ለመመዘን መሞከር ወደ ሩጫ ውድድሩ የሚመልሰውም ይህ ነው። አማራጩ ልጆቹ በቡድን ተከፋፍለው ሲጫወቱ መምህሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ 8 ልጆችን ብቻ፣ በአንድ ክህሎት ብቻ እንዲመለከት ማድረግ ነው። በዚህ ስሌት 60ዎቹ በ8 ክፍለ ጊዜ ይዳረሳሉ። የጨርቅ ኳስ፣ በመሬት ላይ በኖራ የተሰመረ መስመርና የስም ዝርዝር ያለበት ደብተር ለዚህ ይበቃሉ። የተማሪዎች ብዛት የሚያስከትለውን ጫና ግን የመምህሩ ብልሃት ብቻውን ሊያቃልለው አይችልም።

ወላጆች የልጃቸውን ውጤት ሲቀበሉ የትምህርቱን መምህር ሊጠይቋቸው የሚችሏቸው ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። በዚህ ወሰነ ትምህርት የተመዘኑት የትኞቹ ክህሎቶች ናቸው? ልጄ መጀመሪያ ላይ ምን ነበር፣ አሁንስ ምን ላይ ደረሰ? ውጤቱ የተሰጠው በስንት ጊዜ ምልከታ ነው? በቤት ውስጥ ምን ብንለማመድ ይጠቅመዋል? መምህሩ ደብተሩን ገልጦ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚጠየቁትም በመከባበር መንፈስ ሊሆን ይገባል። የልብ ሕመም፣ አስም ወይም ሌላ የጤና እክል ያለበት ልጅ ወላጅ የሐኪም ማስረጃ በዓመቱ መጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ ቢያቀርብ፣ መምህሩ ልጁን ሙሉ በሙሉ ከማስቀረት ይልቅ የሚስማማውን እንቅስቃሴ ለመምረጥ ጊዜ ያገኛል። ማስረጃው ልጁ ምን ማድረግ እንደማይችል ብቻ ሳይሆን ምን ማድረግ እንደሚችልም እንዲገልጽ ሐኪሙን መጠየቅ ጠቃሚ ነው።

በመምህሩ ምላሽ ያልረካ ወላጅ ጉዳዩን ለርዕሰ መምህሩ ማቅረብ ይችላል። ጥያቄው የአንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን የብዙዎች ከሆነ፣ ለምሳሌ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በተደጋጋሚ ለሌላ ትምህርት የሚውል ከሆነ፣ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ቢነሳ የተሻለ ተሰሚነት ይኖረዋል። በዚያም መፍትሔ ካልተገኘ ቀጣዩ አካል የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚመራው በክልሎችና በከተማ አስተዳደሮች በመሆኑ የውጤት ካርዱ ቅርጽና የምዘናው ዝርዝር ከቦታ ቦታ ሊለያይ ስለሚችል፣ አቤቱታ ከማቅረብ በፊት በአካባቢው የሚሠራበትን የምዘና መመሪያ ከትምህርት ቤቱ ጠይቆ መመልከት ጊዜ ይቆጥባል።